ማሰሪያ ያለው ሽርጥ

የበደለኝ የወንድሜ ልጅ ነው። የበደለኝ አሜሪካ ለአገራችን ልብስ ያለ ቀረጥ ከፍታው የነበረውን በር በዘጋችበት ዓመት፣ ነጋዴው ለዒድ ገበያ ዕቃ በሚያስገባበት ሰሞን፣ ጅግጅጋ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ስለሆንኩ መተዉም የእኔ መብት ነው።

ጅግጅጋን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። እኛ ጋ ሽርጥ ማለት ወንዶች ከወገባቸው በታች የሚያገለድሙት ባለ ዳማ ጨርቅ ነው። ሶማሌዎቹ ማዓዊስ ይሉታል። ሽማግሌው ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ይታጠቀዋል፣ ነጋዴው ታጥቆት ሱቅ ይቀመጣል፣ ጎረምሳው ታጥቆት ይተኛል። አዲስ አበባ ግን ሽርጥ አምጡልኝ ብትሉ፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ልብሱ እንዳይቆሽሽ ከአንገቱ አንጠልጥሎ ከወገቡ የሚያስረውን ያመጡላችኋል። ቃሉ አንድ ነው፣ ዕቃው ሁለት። እዚህ የኖርን ሰዎች ሁለቱንም እናውቃለን፤ የትኛው እንደተፈለገ ሳንጠያየቅ እንግባባለን።

ሌላም ነገር አለ። የእኛው ሽርጥ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰፋ አይደለም። ተጣጥፎ በላስቲክ ከረጢት የሚመጣ ጠፍጣፋ ጨርቅ ነው። የገዛው ሰው ወዲያው አጠገቡ ወዳለ ሰፊ ያመጣዋል። ሰፊው ሁለቱን ጫፍ ገጥሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ስፌት ይለቅበታል፤ ጨርቁ አፉና ቂጡ ክፍት እንደሆነ ጆንያ ይሆናል፤ ሰውየው እዚያው ቆሞ በአናቱ በኩል አጥልቆ ይሄዳል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የበላሁት ከዚያች አንዲት ስፌት ነው።

የምሰፋው በአንዲት የሶማሌ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ባለሱቋ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ሴቱም ወንዱም የሚፈራት፣ ከበርበራ መርከብ እስከ ሀርጌሳ ሱቅ በስልክ የምታዝ ሴት ናት። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ሲሞት የጦር ሰፈሩን ቤት ለቅቄ የት እንደምሠራ ሲጠፋኝ፣ ከዚህ ተቀመጪ ብላ በረንዳዋን አሳየችኝ። ኪራይ አልጠየቀችኝም። በ2010 ከተማው በተረበሸ ጊዜ፣ ሶማሌ ያልሆንነው የእኛ ሰዎች ሱቅ ሲሰበር፣ የስፌት መኪናዬን ጎትታ ሱቋ ውስጥ የቆለፈችው እሷ ናት። ነገሩን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም። አባዮ ትለኛለች፤ እህቴ ማለት ነው። ነገር ግን በቃል የሰጠችኝን በቃል ልትነሣኝ እንደምትችል ሁልጊዜ አውቅ ነበር። ሌላ መሥሪያ ቦታ አልነበረኝም። ያቺ በረንዳ ከሄደች እኔም ሄድኩ ማለት ነው።

ወንድሜ አፍደም ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞተችበትና ልጁን ገና አፉን ሳይፈታ አምጥቶ ሰጠኝ። በኋላ ባቡሩም ቆመ፤ እሱም በዱላ እየተደገፈ መጣ። በመንገዱ በኩል መስኮት ያላትን ደህናዋን ክፍል ለእሱ ለቀቅሁለት። ልጁ ያደገው በስፌት መኪናዬ ሥር ነው። ቁርጥራጭ ክር እየለቀመ ተጫወተ፤ ከአማርኛው በፊት ሶማሊኛውን ተናገረ። እንደ ጎረቤት ልጆች ኤዶ ይለኝ ነበር። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ናት፤ ለእኔና ለእሱ ልክ ነበር። ዳቦ ቤት ሲላክ ሽርጥ ታጥቆ፣ ሲተኛ ሽርጥ ታጥቆ፣ ፈተና ሲያጠና ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተመረቀ፣ መሀል አገር አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስልኩ እየራቀ ሄደ። አላማረርኩም። ለሰው አላወራሁም ማለቴ ነው።

ፋብሪካው ለአሜሪካ ሱቆች የልጆች ሱሪና ቲሸርት የሚሰፋ ነበር። በሩ ሲዘጋ ገዢዎቹ ትእዛዛቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ። ሰፊዎቹ ልጃገረዶች በየተራ ተሰናበቱ፤ አንዳንዶቹ እዚህ ድረስ መጥተው በቶጎ ውጫሌ መንገድ ዳር ሻይ ሲያፈሉ አይቻለሁ። በቴሌቪዥንም የጎረቤት ገበያ የሚባል ወሬ በዛ። ያኔ ነው የወንድሜ ልጅ የደወለልኝ።

“ኤዶ፣ ሀርጌሳ የሚሸጥ ምን አለ?” አለኝ።

ሽርጥ አልኩት። የሀርጌሳ ወንድ የሚታጠቀው ከኢንዶኔዢያ በመርከብ የሚመጣውን ነው፤ እሱ ለስላሳ ነው፣ ግን ውድ ነው። ርካሹ ከህንድ የሚመጣው ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለተኛው እጥበት ቀለሙን ይተፋል። በሁለቱ መሀል ደህና ጥጥ ይዞ በጭነት መኪና የሚደርስ ሰው ካለ ገበያው ክፍት ነው አልኩት። ወዲያው ገባው። ድሮም ፈጣን ልጅ ነበር። ኤዶ ብሎ የጠራኝ ያን ቀን የመጨረሻው ነው።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከፋብሪካው የምርት ኃላፊ ጋር መጣ። ሆቴል አረፉ። በማግስቱ በረንዳዋ ላይ እየሰፋሁ ሳለ ሁለቱም ኮት ለብሰው ሲመጡ አየሁና ልስመው ተነሳሁ። እጁን ዘረጋልኝ።

“እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?” አለኝ።

አንቱ አለኝ። ባልደረባው ማን እንደሆንኩ ሲጠይቀው “የዚህ ሰፈር ሴት ናቸው፣ ገበያውን ያውቁታል” ብሎ አስተዋወቀኝ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ ጨዋ ሰው ነበር፤ በእሱ ላይ ነገር የለኝም። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለሱቋ ከውስጥ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ወጥታ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና በሶማሊኛ “ቂጡን ስታጥቢለት የነበረው ይሄ አይደለም?” አለችኝ።

ልጁ እንዳልገባው ሰው ወደ እኔ ዞሮ ምን አለች በሚል ዓይን አየኝ።

“እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች” አልኩት።

ባለሱቋ ሳቋን ውጣ ተቀመጠች። ከዚያ በአማርኛ ለምርት ኃላፊው “አሜሪካ ስትተፋችሁ ነው ወደ እኛ የዞራችሁት?” አለችው። ሰውየው አዎ፣ እውነት ነው አላት። በዚህ መልሱ ደስ አላት። ያመጡትን የጨርቅ ናሙና ተቀብላ ጥጉን በምራቋ አርሳ ነጭ መሀረብ ላይ ፈተገችው፤ ቀለም አልወጣም። አንድ ክር መዝዛ በክብሪት ለኮሰችው፤ እንደ ወረቀት ነደደና አመድ ሆነ፤ ጥጥ ነው። ጨርቁን ጉንጯ ላይ አሸችው። ከዚያ ሀርጌሳ ደውላ ለሁለት ባለሱቆች፣ ለዒድ ከኢንዶኔዢያው የማያንስ በርካሽ አመጣላችኋለሁ፣ ሌላ አትግዙ ብላ ቃሏን ሰጠች። ያቺ ሴት ቃል ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ቃል የምትቀበል ናት።

ስልኩን ዘግታ፣ የምርት ኃላፊው ስልክ ለማንሳት ወደ መንገዱ ወጣ እንዳለ፣ ከመደርደሪያው አንድ የኢንዶኔዢያ ሽርጥ እንደታጠፈ አውርዳ ለልጁ ሰጠችው።

“ልክ እንደዚህ” አለችው። “ዳማውም፣ ልስላሴውም፣ ስፋቱም። ሳይሰፋ።”

“ሳይሰፋ” አለ እሱም። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሰውየው ሲመለስ ወደ እኔ ዞረችና ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ “አባዮ፣ እኔ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። የማውቀው አንቺን ነው” አለች። ጨርቁ በደህና ከመጣ በረንዳው ላይ ሁለት መኪና ጨምረን እዚያው የምንሰፋውን አንቺ ታሠሪያለሽ ብላኝ ገባች።

ማታ ባልደረባውን ሆቴል ትቶ አባቱን ሊጠይቅ ለአፍታ ቤት መጣ። ጫማውን አላወለቀም። ወንድሜ፣ ልጄ ሱሪህን ቀይር፣ ሽርጥ ላውጣልህ አለው። አይ አባዬ፣ ልሄድ ነው ብሎ ወጣ። ወንድሜ ክብደቱ ጨምሯል፣ ደህና ሰው ሆኗል እያለ ብቻውን ሲያወራ አመሸ።

ያን ዓመት ሁለቱ ጾም ገጥሞ ነበር፤ እነሱ ረመዳን፣ እኛ ሁዳዴ። የጭነት መኪናው የደረሰው በረመዳን አጋማሽ፣ ፀሐዩ በከረረበት ሰዓት ነው። ዕቃውን ተረክቦ ወደ ሀርጌሳ የሚሻገረው ሹፌር ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር። ጎረቤት ያሉት ሴት ነጋዴዎችም የአገራችን ፋብሪካ ምን እንደላከ ለማየት ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሐማሎቹ የመጀመሪያውን ቦንዳ አውርደው ማሰሪያውን በጩቤ በጠሱት።

ጨርቁ ቆንጆ ነበር። ይህን መመስከር አለብኝ። ዳማው ልክ ነው፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ ልስላሴው ከኢንዶኔዢያው ይበልጣል። ነገር ግን ተቆርጦ ነበር። ደረቱ ላይ ጠበብ ብሎ ወደ ታች ይሰፋል። ደረቱ ላይ ኪስ አለው። ከላይ የአንገት ማንጠልጠያ፣ ከጎንና ከጎን ረዣዥም ማሰሪያ። ከኪሱ ሥር በኢትዮጵያ የተሠራ የሚል ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ስፌቱን አየሁት፤ ንጹሕ፣ አሜሪካ የሚሄድ ዓይነት ስፌት።

ባለሱቋ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። እግር የሚገባበትን እንደሚፈልግ ሰው ታች ላይ አየችው፣ ላይ ላይ አየችው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ሽርጥ” አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ስሙ እሱ ነው።

ከሐማሎቹ አንዱ አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ማሰሪያውን ከኋላው አሰረና ወገቡን እየሰበቀ በረንዳው ላይ ተንጎራደደ። ከማዶ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌ “ሐጂ፣ ሩዙ ደርሷል፣ ይታጠቡ” ብሎ ተጣራ። በጾም አፋቸው የደረቀው ሴቶች ሁሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሐጂውም ሳቁ። ባለሱቋ አልሳቀችም። ሁለተኛውን ቦንዳ አስፈታች፤ ያው ነው። ሦስተኛውን አስፈታች። ከዚያ ተዉት አለች።

“ደውይለት” አለችኝ። “ድምፁን ለሁላችን አድርጊው።”

ደወልኩ። ከኋላው የሰው ድምፅ ነበር፤ ቢሮ ነው ያለው። የሆነውን ነገርኩት። ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ላሉት በሚመስል ጥርት ባለ ድምፅ “ሽርጥ ነው ያላችሁት፣ ሽርጥ ነው የላክነው” አለኝ።

“አንተ ልጅ፣ ሽርጥ ምን እንደሆነ አታውቅም?”

“እማማ፣ እኔ በማውቀው ሽርጥ የወጥ ቤት ልብስ ነው። እርስዎ ሶማሊኛውንና አማርኛውን ቀላቅለውብኝ ይሆናል። በዕድሜ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አይዘኑ።”

ባለሱቋ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በሶማሊኛ “ኤዶህን ነው እንዲህ የምትላት?” አለችው።

“ይቅርታ፣ ቋንቋው አይገባኝም። በአማርኛ ይናገሩ” አላት።

ስልኩን ዘግታ መለሰችልኝ። ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ሹፌሩ ባዶውን መኪና አስነስቶ ሄደ።

ኢንዶኔዢያ ምንም ማድረግ አላስፈለጋትም። የሀርጌሳ ባለሱቆች በቀረው ጊዜ ያገኙትን ገዝተው ዒድን ተወጡት። ለባለሱቋ ግን ደውለው ሳቁባት። ሸቀጥ ብቻ ቢጠፋባት ትረሳው ነበር፤ በእሷ ሲሳቅ ግን የመጀመሪያዋ ነው። የሀርጌሳው ሰውዬ፣ ሱቅሽን ትተሽ ምግብ ቤት ከፈትሽ ወይ ብሎ ጠየቃት አሉ። ይህን ራሷ አልነገረችኝም። ዒድ እስኪያልፍ ዝም አለች፤ ሻይ ሲመጣላት ለእኔም እንደ ወትሮው ታስቀዳልኝ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ከፊቴ ቆመች።

“አባዮ፣ ልጁ መዋሸቱን አውቃለሁ” አለችኝ። “ያመጣሽው ግን አንቺ ነሽ። በረንዳው ለሌላ ይፈለጋል።”

መኪናዬን በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ወሰድኩ። በቦታዬ ከደምበል ወረዳ የመጣ ወጣት ሰፊ አስቀመጠች። ዛሬም እዚያ ነው። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ክሩን ይቆጥባል፤ ከወራት በኋላ ይፈታል። እሱ ሲፈታበት ሰው ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ እሱው ተመልሰው ያሰፉታል።

ፋብሪካው ዕቃውን መልሱልኝ አላለም። ማመላለሻው ስለማያዋጣው እዚሁ ባገኘው ዋጋ አራገፈው። ከዚያ ወዲህ ጅግጅጋ ውስጥ ጭማቂ የሚፈጭ ልጅ፣ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው፣ ፓስታ የሚያወጣ አስተናጋጅ፣ ሁሉም ያን ባለ ዳማ ልብስ ከአንገቱ አንጠልጥሏል። ለዘመድ ለቅሶ ደገሀቡር ሄጄ የሆቴሉ ሰው ለብሶት መጥቶ ምን ልታዘዝ አለኝ። የጨርቁ ቀለም አሁንም አልለቀቀም። ሐማሎቹም ለእኔ ስም አወጡልኝ፤ እማማ ወጥ ቤት። ሌላ በረንዳ ልጠይቅ በገበያው ስዞር ስሙ ቀድሞኝ ይደርሳል። ባለሱቆቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ፈገግ ብለው ቦታ የለም ይሉኛል። ቦታ ነበራቸው።

ቤት ሆኜ የሚመጣልኝን መስፋት ጀመርኩ። የግቢዬ መግቢያ ከመንገዱ ዞሮ በጓሮ በኩል ስለሆነ የሚያውቀኝ ካልሆነ የሚመጣ አልነበረም። ከሚመጡት አንዱ ከመሀል አገር ተመድቦ እዚህ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ቀን የሱሪውን እግር ላሳጥርለት አቁሜ ስለካው፣ አዳማ ለሥልጠና ሄዶ የሰማውን ቀልድ ነገረኝ። ስለ ውጭ ገበያ ያስተማራቸው ከልብስ ፋብሪካ የመጣ ወጣት ባለሙያ፣ የገበያ መረጃ ካልተማረ ሰው ሲወሰድ ምን እንደሚያስከትል ሲያስረዳ፣ ድንበር ዳር ያለች አንዲት አሮጊት ቋንቋ ተቀላቅሎባት ለወንዶች መታጠቂያ የወጥ ቤት ሽርጥ እንዳስላከች ተረከላቸው። ስላቅ የሚችል ልጅ ነው አለኝ፤ አዳራሹ ፈረሰ አለኝ። ሰውየው እኔ መሆኔን አላወቀም።

“እውነት ይሆን፣ እማማ?” አለኝ።

“ዙር፣ የኋላው እኩል መሆኑን ልይ” አልኩት።

ዞረ። እኩል ነበር።

ያን ቀን ምሳ ሳቀርብ ለወንድሜ ነገርኩት። ስለዚህ ጉዳይ እስከዚያ ድረስ ብዙ አላወራንም ነበር። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮውን ያዳምጣል፤ እኔ አበላዋለሁ፣ አጥብለታለሁ፤ ጉልበቱን በቅባት አሽለታለሁ። ልጁ በሰው ፊት መሳቂያ እንዳደረገኝ ስነግረው የሚጎርስበትን እጁን አቆመና “አትፍረጂበት። አፍሮ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም” አለኝ።

ምን አሳፈረው አልኩ። ወንድሜ ለማስታረቅ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው። ልጁ ለሥራ ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ ብሎ ነበር። ትእዛዙን ይዞ ሲሄድ፣ ባለሱቋ የሰጠችውን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሽርጥ ይፈልጋሉ አላቸው። እነሱ ያልተሰፋውን ጨርቅ የዳማው ናሙና ነው ብለው ወሰዱት። ንድፍ የምታወጣው ልጅ ወዲያው ባለ ኪሱን ሳለች። አለቆቹ ሀርጌሳ ሆቴል በዝቷል፣ ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ። ሽርጥ እሱ አይደለም ለማለት ተነስቶ ይሄን ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠቁት ማሳየት ሊኖርበት ነው። ከየት አወቅኸው ሊሉት ነው። ዝም አለ። ሲቆረጥም ዝም አለ። ሲሰፋም ዝም አለ።

“ይህን መቼ ነገረህ?” አልኩት።

“ጭነቱ የተነሳ ዕለት ደውሎልኝ አለቀሰ።”

“ከመድረሱ በፊት?”

“አንቺን እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው። ደግሞ ለልጁ እንጀራ ብዬ ነው። ለባለሱቋ ትነግሪያትና ደውላ ታስባርረዋለች ብዬ ፈራሁ” አለኝ።

ጭነቱ ከተነሳበት እስከደረሰበት ያለው ጊዜ ለእኔ በቂ ነበር። ነግሮኝ ቢሆን ለባለሱቋ በጆሮዋ እነግራታለሁ። እሷ ሀርጌሳ ደውላ ዕቃው ዘግይቷል፣ ከሌላ ግዙ ትላለች። ቦንዳው በሰው ፊት አይፈታም፤ መጋዘን ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ትቆጣኛለች፤ ግን በረንዳዋ ላይ እያለሁ ነው የምትቆጣኝ። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ያቀረብኩትን እየበላ፣ መኪናው መቼ ይደርሳል ስለው ይደርሳል፣ መንገዱ ነው ይለኝ ነበር።

“ሁለታችንም ልጁን ነው ያሳደግነው” አለኝ።

ሳህኑን አነሳሁ። ገና አልጨረሰም ነበር።

በዚያ ሳምንት ልብሱን አጠብኩ። ሽርጦቹን ሁሉ፣ እኔ የሰፋሁለትን፣ አጣጥፌ በሻንጣ ከተትኩ። ሁለት ሱሪ ነበረው፤ ለጎረቤት ሰጠሁ። የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እጮኛ እንደያዘም፣ የእጮኛው ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚጠይቁት ወንድሜ በኩራት ነግሮኝ ነበር። ትኬቱን ለቅዳሜ እንዲደርስ አድርጌ ቆረጥኩ። መናኸሪያ ድረስ ደግፌ ወሰድኩት። መቼ ነው የምመለሰው ብሎ ጠየቀኝ። ልጅህ ያውቃል አልኩት። የልጁን ስልክ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠሁት። ወንድሜ በመስኮት በኩል እጁን አውጥቶ ነበር፤ ሰው ስለበዛ አልደረስኩበትም።

አውቶቡሱ ከተማውን ከለቀቀ በኋላ ለልጁ ደወልኩ። አባትህ ዛሬ ይገባል፣ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣም፣ ማታ ማታ ቅባት ያስፈልገዋል አልኩት። ኤዶ አለኝ። ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደውሏል፤ አላነሳሁም። ወንድሜን ሸኝቼ በመጣሁ ማግስት አናጢ ጠርቼ የክፍሉን መስኮት አስፈረስኩና በመንገዱ በኩል በር አስወጣሁ። አልጋውን ሸጥኩ። የስፌት መኪናዬን እዚያ አስገባሁ። አሁን የምሠራው እዚያ ነው።